የካልሲየም ክኒን ከመጀመርዎ በፊት ሂሳቡን እንዴት እንደሚሠሩ

ካልሲየም ለአጥንት ነው ተብሎ ይዋጣል። የሚያከራክረው ግን ልብ ላይ የሚያደርሰው ነገር ነው። በ2008 የወጣ የኒውዚላንድ ጥናት፣ ካረጡ ሴቶች መካከል ክኒኑን የወሰዱት ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም በዝቶ እንደታየ ዘገበ። ከ36,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ግን ይህን አላገኘም፤ እሱ ያገኘው የኩላሊት ጠጠር መጨመሩን ነው። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። ስለዚህ የሚያዋጣው የጎደለውን ብቻ መሙላት ነው።

መጀመሪያ የሚበሉትን ይቁጠሩ። ለሦስት ቀን ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ከነአጥንቱ የሚበላ ሳርዲን፣ ጎመን ሁሉ ወረቀት ላይ ይስፈር። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው።

ከዚያ ይቀንሱ። በአሜሪካ ከ50 ዓመት በላይ ላሉ ሴቶች የሚመከረው በቀን 1200 ሚሊግራም ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ምግቡንም ይጨምራል! እንግሊዞች ደግሞ 700 ይበቃል ይላሉ። ክኒን ሻጭ የትኛውን እንደሚጠቅስ እርስዎ ይገምቱ። በምግብ 900 ካገኙ፣ በአሜሪካኖቹ ልኬት እንኳ የጎደለው 300 ብቻ ነው። ያን አንድ ብርጭቆ ወተት ይሞላዋል፤ ክኒን ምን ያደርጋል?

ምግቡ ካልበቃና ሐኪም ካዘዘ፣ ብልቃጡን አዙረው ያንብቡ። «ካልሲየም ካርቦኔት 1250 ሚሊግራም» ቢል አይደንግጡ። ከካርቦኔቱ ካልሲየም የሆነው 40 በመቶው ነው፤ ማለትም 500።

በአንዴ ከ500 በላይ አይውሰዱ። ሰውነት ሲበዛበት በደንብ አይመጥም። ካርቦኔቱ ከምግብ ጋር ይዋጣል። ሲትሬት የሚባለው ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይሆናል፤ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለሚወስዱ የሚሻለውም እሱ ነው።

በመጨረሻ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። የታይሮይድ መድኃኒት ከካልሲየም 4 ሰዓት መራቅ አለበት። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ፣ የኩላሊት ሕመም ያለብዎ ወይም ጠጠር ይዞዎት የሚያውቅ ከሆነ ይህን ሳይናገሩ አይጀምሩ። ቀድሞ የታዘዘልዎትንም፣ ይህን ጽሑፍ አነበብኩ ብለው በራስዎ እንዳያቆሙ።