የጤና መድን ውል ከመፈረም በፊት

ለትርፍ ያልቆመ ትንሽ ሆስፒታል ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጋር ሲዋዋል ታካሚ ይበዛለታል፣ እጁ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ ግን ይመናመናል። መድኑ የሚከፍለው አገልግሎቱ ከተሰጠ በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠበቀውን ወርኃዊ የመድን ሂሳብ ክፍያው በሚዘገይባቸው ወራት ቁጥር ያባዙ፦ 400,000 ብር በ3 ወር 1,200,000 ብር ይሆናል። ይህን ያህል መጠባበቂያ ከሌለ ውሉን በተመላላሽ ሕክምና ብቻ መጀመር ይሻላል።

ቀጥሎ የየአገልግሎቱን ወጪ (ሪኤጀንት ማለትም የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል፣ ጓንት፣ የባለሙያ ሰዓት) ከውሉ ዋጋ ጋር ያስተያዩ። ብዙውን ጊዜ ኪሳራው የሚደበቀው ላቦራቶሪና ቀዶ ሕክምና ውስጥ ነው።

አቃቂ ዳር ላለ ሆስፒታል ሌላም ጣጣ አለ። ከአዲስ አበባም ከሸገር ከተማም ታካሚ ይመጣል፤ ከአንዱ መድን ጋር የተፈረመ ውል የሌላውን አባል አይሸፍንም። ካርድ ክፍሉ የታካሚው የመድን ደብተር የየትኛው መድን እንደሆነ፣ ለዓመቱ መታደሱንና የሪፈር ወረቀት መኖሩን ሕክምናው ሳይጀመር ያረጋግጥ። ድንገተኛ ታካሚ ግን መጀመሪያ ይታከማል።

የሐኪም ፊርማ የጎደለው ማዘዣ በኦዲት ይወድቃል። ሰነዱን በየሳምንቱ ያጣሩ፤ ወር መጨረሻ ላይ ፈራሚው ላይገኝ ይችላል።