ከኮዬ ፈጬ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትሄዱ፦ የቅናሽ ቤት የት ይገኛል?

እኛ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ የምንኖር ሰዎች በአቅም የሚገኝ ቤት ሲባል የምናስበው መንግሥት ከከተማ ዳር የሠራውን፣ በዕጣ የሚደርሰውን ኮንዶሚኒየም ነው። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ሲቆጥብ የኖረ ቤተሰብ የሌለው ሰው በሰፈራችን ጥቂት ነው። ዋሺንግተን አካባቢ ስትገቡ እንዲህ ያለ ሰፈር ትፈልጉና ታጣላችሁ። ብዙ ልጆቻችን «እዚህ የለም» ብለው ተስፋ ቆርጠው ለአንድ ቤዝመንት የደሞዛቸውን ግማሽ ይከፍላሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቤቱ አለ፣ በየቀኑ በበሩ ያልፋሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአንድ መሬት ላይ ስንት ቤት እንደሚሠራ የሚወስነው የአካባቢው የመሬት አጠቃቀም ደንብ ነው። አልሚው ከሚሠራቸው ቤቶች የተወሰኑትን መጠነኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በቅናሽ ሲመድብ፣ ደንቡ ከሚፈቅደው በላይ ተጨማሪ ቤት እንዲሠራ ይፈቀድለታል። በቅናሹ ያጣውን በተጨማሪው ቤት ያካክሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት፣ በሜሪላንድ ግዛት የሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ይህን የጀመረው እንደ ፈረንጆች በ1974 ነው። ሃያና ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ አልሚ ቢያንስ 12.5 በመቶውን ይመድባል፤ ሁለት መቶ ቤት ባለው ሕንፃ ሃያ አምስት ማለት ነው። ፕሮግራሙ ኤምፒዲዩ (መጠነኛ ዋጋ ያለው መኖሪያ ቤት ማለት ነው) ይባላል።

እኔ የምወድለት ቤቶቹ ከሌላው ጋር ተቀላቅለው፣ ሥራና ትምህርት ቤት ባለበት ሰፈር መሆናቸውን ነው። ከአራብሳ መገናኛ ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ ለታክሲ የምትሰለፍ እናት ያላችሁ ልጆች ትርጉሙ ይገባችኋል።

ለኪራይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሕንፃው ሊሲንግ ኦፊስ (የኪራይ ቢሮ) ገብታችሁ «ኤምፒዲዩ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ለግዢ ግን በካውንቲው በኩል ነው፤ መጀመሪያ ሥልጠና ትወስዳላችሁ፣ ከዚያ ዕጣ ነው። ድንበሩን ተሻግራችሁ ዋሺንግተን ዲሲ ከገባችሁም ኢንክሉዥነሪ ዞኒንግ የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። እዚያም ገለጻ ተከታትላችሁ፣ የምስክር ወረቀቱን ይዛችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ዕጣ ይወጣል። በየትኛውም ቦታ «እኔ አስገባችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ አትስጡ።

ገቢያችሁ በወረቀት ይታይ። የገቢ ጣሪያ እንዳለው ሁሉ ኪራዩን መክፈል መቻላችሁንም ያያሉ። ስለዚህ ምግብ ቤት በእጅ በጥሬ ገንዘብ የምትሠሩ፣ ታክስ የማታስገቡ ከሆነ በሩን በራሳችሁ ላይ ዘጋችሁት። የደሞዝ ደረሰኝ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አስቀምጡ። አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ሁሉ አስመዝግቡ፤ አክስትም ብትሆን አትደበቅ።

ደግሞ አንድ የሰፈራችን ልማድ እዚያ አይሠራም። እዚህ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። እዚያ ቤቱ ለምትኖሩበት ነው፤ ለሌላ ማከራየት ያስወጣችኋል። የገዛችሁም ከሆነ፣ ዋጋው ቁጥጥር የሚደረግበት ዘመን እስኪያልቅ የምትሸጡበት ዋጋ ገደብ አለው።

በሞንትጎመሪ አንዱ ሕንፃ «ሞልቷል» ቢላችሁ ተጠባባቂ ዝርዝር እንዳለው ጠይቃችሁ ስማችሁን አስመዝግቡና ወደሚቀጥለው ሂዱ። የኪራይ ማመልከቻው በየሕንፃው ለየብቻው ነው።