ካቢኔት ከመግጠማችሁ በፊት የጋራዡን ወለል ለኩ

የጋራዥ ወለል ዘንበል የሚለው በስህተት አይደለም። ውሃ ወደ በሩ እንዲፈስ ተብሎ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ካቢኔት ከመደርደራችሁ በፊት ረጅም ውሃ ልክ ይዛችሁ የወለሉን ከፍተኛ ቦታ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ የራቀው ጥግ ነው፤ ግን ለኩት እንጂ አትገምቱ።

ከዚያ ነጥብ የካቢኔቱን ቁመት ለክታችሁ ግድግዳው ላይ በውሃ ልክ አግድም መስመር አስምሩ። የመጀመሪያውን እዚያው አቁሙ። ሌሎቹን ከሥር በሽብልቅ እያነሳችሁ መስመሩ ላይ አድርሷቸው። ከዝቅተኛው ቦታ ከጀመራችሁ ጣጣ ነው፤ ካቢኔት ከፍ ይደረጋል እንጂ ሲሚንቶ ውስጥ አይሰምጥም።

ሽብልቁ የፕላስቲክ ይሁን። እንጨት ከሆነ የመኪናው ጎማ ይዞት የገባውን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ቆይቶም ይበሰብሳል።