የቃሪያችሁ ቅጠል ቢጫ ሲሆን፦ ዩሪያ ከመጨመራችሁ በፊት

በአቃቂ፣ በገላንና በቱሉ ዲምቱ በኩል በጓሮው ቃሪያ የተከለ ሰው ቅጠሉ ገርጥቶ ሲያይ ቶሎ ዩሪያ ይጨምራል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ የገረጣው የታችኛው ቅጠል ይሁን የላይኛው ለዩ። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ሲያጥሩ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ስለሚሰጥ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ብረትና ካልሲየም ግን ከገቡበት ቅጠል አይወጡም፤ እጥረታቸው የሚታየው በለጋው ላይ ነው።

የታችኛው ቅጠል እኩል ገርጥቶ ይረግፋል፣ ተክሉም ይቀጭጫል። ናይትሮጅን አጥሮታል። የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ስጡት። ዩሪያ ካላችሁ ጥቂት፣ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ፣ አፈር አልብሳችሁ አጠጡ። 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ ሲበዛ ቅጠሉ ይንዠረገግና ፍሬ ይጠፋል።

ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ፎስፈረስ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ግን አፈሩ ውስጥ እያለም ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል፤ ችግኙን ማታ ማታ ሸፍኑት።

የቅጠሉ ጠርዝ እየተቃጠለ ይደርቃል። ከታች ከጀመረ ፖታሲየም ነው፤ ጥቂት የእንጨት አመድ ይረዳል።

የቅጠሉ ደም ሥር አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ይገረጣል። ከታች ከሆነ ማግኒዚየም ነው፤ ማግኒዚየም ሰልፌት በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ። ከላይ ከሆነ ብረት ነው። መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ሲያቁር ሥሩ አየር አጥቶ ያለውንም ብረት መውሰድ ያቅተዋል። መደቡን ከፍ አድርጉ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ ቅደዱ። እዚህ ላይ አመድ አትጨምሩ፤ ብረቱን ይበልጥ ያስረዋል።

የፍሬው ጫፍ ይጠቁራል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው፤ ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት ይገዛል። ቃሪያውን አገላብጣችሁ እዩት፦ ጫፉ መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ ይመስላል፣ ከዚያ ቡናማ ይሆንና እንደ ቆዳ ደርቆ ይሰረጉዳል። ሻጋታው የሚመጣው በኋላ ነው። ፍሬው ካልሲየም አላገኘም፤ ካልሲየም ደግሞ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው። በኛ ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አፈሩ ቀናት ሙሉ ይደርቅና በአንድ ሌሊት ይጥለቀለቃል። በርሜል ሞልታችሁ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ አዘውትራችሁ አጠጡ፤ ግንዱ ዙሪያ ጭድ ጎዝጉዙ። ለካልሲየም ተብሎ የሚጨመረው የእንቁላል ቅርፊት ለመበስበስ ወራት ስለሚፈጅበት ለዘንድሮው ፍሬ አይደርስም። ዩሪያ ማብዛትም ችግሩን ያብሰዋል። የተጎዳው ፍሬ ስለማይድን ቅጠፉት፤ ውሃው ከተስተካከለ በኋላ የሚይዘው ፍሬ ጤነኛ ይሆናል።