ዘጌ ጫካ ውስጥ እስስት፣ እንቁራሪትና እባብ እንዴት ፎቶ ይነሳል

ባህር ዳር ሆኜ ፎቶ አነሳለሁ ስል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ጢስ ዓባይ ወይ ሰርግ ነው፣ እኔ ግን ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲጠና ልቤ የሚሄደው ጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘጌ ጫካ ነው፣ ቡናው ስር ያሉትን ትንንሾቹን ፍለጋ። ዘጌ እንደ ከፋና ሸካ ያለ የዝናብ ደን አይደለም ግን ጥላውና እርጥበቱ ስለሚቀራረብ ዘዴው እዛም ይሰራል።

መጀመሪያ ፈቃድ። ጫካው የገዳማትና የቡና ባለቤቶች ነው፣ ስለዚ "አባ ይፍቱኝ" ብላችሁ ተሳለሙና ምን እንደምታነሱ በግልፅ ንገሯቸው፣ በተለይ ማታ ባትሪ ይዞ ጫካ ውስጥ የሚዞር ሰው ያስደነግጣል። ካገሬው አንድ ሰው ይዛችሁ ግቡ፣ ቡና ሲለቅም ያደገ ልጅ እናንተ ሰአት ሙሉ የምትፈልጉትን በአንድ እይታ ያገኘዋል።

ልብስ ብዙ አያስጨንቅም፣ ረጅም ሱሪና ቦት ጫማ ይበቃል። ካሜራው ቀዝቃዛ ቦታ ከቆየ ግን ሞቃት እርጥብ አየር ውስጥ ወዲያው አታውጡት ሌንሱ ጉም ይለብሳል፣ ከነቦርሳው ግማሽ ሰአት ይልመድ።

ፍለጋው የሚቀለው ማታ ነው። እስስት ቀን አጠገባችሁ ሆና አታዩዋትም፣ ማታ ግን ቀጭን ቀንበጥ ጫፍ ላይ ወጥታ ስለምትተኛና መልኳም ስለሚነጣ ባትሪው ሲያርፍባት ካረንጓዴው ቅጠል መሃል ቦግ ትላለች። ባለፈው ክረምት ያገኘኋት ጭራዋን እንደ ቀለበት ጠቅልላ፣ አናቷ ላይ አንድ የዝናብ ጠብታ እንደተቀመጠ ተኝታ ነበር፣ ጠብታዋ እስክትወድቅ ትንፋሼን ውጬ ነው ያነሳሁት። ብዙ ሰው እስስት ይፈራል፣ መርዝ የላትም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ብርሃን። ፍላሽ በቀጥታ ከተተኮሰ እርጥብ ቆዳ ላይ ነጭ ነጥብ ይሰራና ፎቶው ይበላሻል፣ ስለዚ ነጭ ፌስታል ወይ ስስ ነጭ ወረቀት ከፊቱ ወጥሩበትና ከጎን ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ማክሮ ሌንስ (ትንሽ ነገር ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ) ካላችሁ ካሜራውን ማኑዋል (በእጅ የሚስተካከል) ላይ አድርጉና ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 11፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 ወይ 400 ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዛ የፍላሹን ጉልበት ብቻ ማስተካከል ነው። በስልክ ከሆነ ሌንሱ ላይ የሚቆነጠጥ ማክሮ ግዙ፣ ጓደኛ ባትሪውን በፌስታል ሸፍኖ ይያዝላችሁ። ፎከሱ ሁሌ አይን ላይ ይሁን፣ አይኑ ከጠራ ሌላው ቢደበዝዝም ፎቶው ይኖራል። ደሞ ከላይ ቆማችሁ አታንሱ፣ ጭቃም ቢሆን ተንበርከኩና በእንስሳው አይን ከፍታ ሁኑ፣ እንቁራሪት እንደዛ ስትነሳ ነው ፊት እንዳላት የሚታየው።

አትንኩ ስል ከልቤ ነው። አንድ ጊዜ እስስቷን "የተሻለ" ቅርንጫፍ ላይ ላድርጋት ብዬ አንስቻት መልኳ ጠቆረ፣ አፏን ከፈተች፣ ፎቶው ላይ የቀረው ፍርሃቷ ነው፣ እስካሁን ሳየው ይከፋኛል። እንቁራሪት ደሞ ውሃም አየርም በቆዳዋ ስለምትስብ የትንኝ መከላከያ በተቀባ እጅ መንካት መመረዝ ነው።

እባብ ላይ ህጉ የበለጠ ጥብቅ ነው። "እባብ ያየ በልጥ በረየ" እንደሚባለው ማታ ሁሉም ስር እባብ ይመስላል፣ ግን እውነተኛው ሲመጣ ደሞ አይታይም፣ እፉኝት በተለይ መልኩን ተማምኖ ቅጠል ውስጥ ተጠቅልሎ ዝም ስለሚል ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ሲረገጥ ነው። እግራችሁን የምታሳርፉበትን ሳታዩ አትራመዱ፣ ምን እባብ እንደሆነ ካላወቃችሁ ከ2 ሜትር በላይ ራቁና በዙም አንሱ፣ በእንጨት አትነካኩ። አይኑ እንደ ወተት ከደበዘዘ ቆዳውን ሊጥል ነው፣ እባብ የአይን ቆብ ስለሌለው አይኑን የሚሸፍነው ቅርፊትም አብሮ ስለሚወልቅ ያኔ በደንብ አያይም ቶሎ ይደነግጣል፣ ተዉት። ከነከሰ አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አትሰሩት፣ ቀለበትና ሰአት አውልቃችሁ የተነከሰውን እጅ ወይ እግር ሳታንቀሳቅሱ ቀጥታ ጤና ተቋም።

ስትወጡ የገለበጣችሁትን ድንጋይ ቀስ ብላችሁ መልሱ፣ ስሩ ሌላ ነዋሪ አለ። ፎቶውን ስትለጥፉ የስልካችሁን ሎኬሽን አጥፉና "ዘጌ" ብቻ ፃፉ፣ እባቡ ያለበት ዛፍ ከታወቀ ጠዋት ዱላ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።