አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ አሰላለፉን ለጊዜው ተዉት

ቡድናችሁ አዲስ አሰልጣኝ በቀጠረ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። በ4-3-3 ይጫወታል ወይስ በሦስት ተከላካይ? ማንን ያስፈርማል? በእኔ እምነት ይሄ ሁሉ ቆይቶ የሚደርስ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ሰውየው መልበሻ ክፍሉን በምን ዓይነት ደንብ እንደሚይዝ ነው፤ ምክንያቱም ታክቲክ በሳምንት ልምምድ ሊቀየር ይችላል፣ የቡድን ባህል ግን አንዴ ከተበላሸ ሦስት አራት አሰልጣኝ ይበላል። ይሄን ደግሞ ከቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። የት የት እንደሚታይ ልንገራችሁ። (ወሮቹም ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከትንንሹ ነገር ጀምሩ። ሰዓት፣ ምግብ፣ መጠጥ። ፈርጉሰን በ1986 ማንቸስተር ዩናይትድ ሲገባ ያገኘው መጠጥ የሚወድ ቡድን ነበር። በ1989 ፖል ማክግራዝንና ኖርማን ዋይትሳይድን ሸጣቸው። ሁለቱም ደጋፊው የሚወዳቸው ልጆች ነበሩ፣ እሱ ደግሞ በዩናይትድ ገና አንድም ዋንጫ አላነሳም። ቬንገር በ1996 አርሰናል ሲደርስ መንገዱ ሌላ ነበር፤ የተጫዋቹን ሳህን ነካ። ቸኮሌት ሲከለከል ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ቸኮሌታችንን መልሱልን እያሉ ይዘፍኑበት ነበር። ግን ማንንም ማባረር አላስፈለገውም። አንጋፋዎቹ ተከላካዮች እነ አዳምስ፣ ዲክሰንና ዊንተርበርን በዚያ ዕድሜያቸው ሰውነታቸው ሲታደስላቸው ራሳቸው ለደንቡ ጠበቃ ሆኑ፣ በ1998ም ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን አንድ ላይ በሉ። አንዱ ቆርጦ ጣለ፣ ሌላው አሳመነ። ሁለቱም ያዋጣል። የማያዋጣው ለወጣቱ የሚሠራ፣ ለኮከቡ የማይሠራ ደንብ ነው።

ስለዚህ ዋናው ፈተና ኮከቡ ሲያጠፋ ነው። ለሌላው ምልክት ጊዜ ባይኖራችሁ እንኳ ይቺን አትለፏት።

የአርሰናሉን አሰልጣኝ የአርቴታንና የአምበሉን የኦባሜያንግን ነገር አስታውሱ። በመጋቢት 2021 አምበሉ አርፍዶ መጣና ከቶተንሃም ጋር በነበረው ደርቢ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይቅር ተባለ። በታኅሣሥ ደግሞ ከተፈቀደለት የውጭ ጉዞ በሰዓቱ አልተመለሰም። በቃ፣ አምበልነቱን ተነጠቀ፤ በየካቲት 2022 ባርሴሎና ገባ፣ አርሰናልም በምትኩ አጥቂ አላስፈረመም። ዋጋውን ከፈሉ እንዴ? በደንብ ነዋ! በዚያ ዓመት በሁለት ነጥብ ብቻ በቶተንሃም ተቀድመው አምስተኛ ወጡ፣ ሻምፒዮንስ ሊግ አመለጣቸው። ሆኖም መልበሻ ክፍል ውስጥ ያለ የ20 ዓመት ልጅ ያየው ነገር አለ፤ ደመወዝ ከደንብ አያስመልጥም። በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ።

(ነገር ግን የአሰልጣኙን ትርኢት ከባህል ጋር አታምታቱ። ያው አርቴታ በኅዳር 2021 ልጆቹ የሊቨርፑልን ሜዳ አንፊልድን እንዲለምዱ ብሎ ልምምድ ሜዳ ላይ በትልልቅ ድምፅ ማጉያ የሊቨርፑልን ዝማሬ አስለቀቀባቸው። አንፊልድ ሄደው 4 ለ 0 ተሸነፉ።)

ቅጣት ብቻውን ግን ባህል አይሠራም። የዩናይትድ አሰልጣኝ የነበረውን ቴን ሃግን እዩ። በታኅሣሥ 31 ቀን 2022 አጥቂው ራሽፎርድ እንቅልፍ ጥሎት ለስብሰባ ዘገየና ከዎልቭስ ጋር ከቋሚ አሰላለፍ ወጣ። ከእረፍት በኋላ ገባ፣ ብቸኛዋን ጎል አገባ፣ አሸነፉ። ጥፋቱም ቅጣቱም ምሕረቱም በአንድ ቀን አለቀ። እንዲህ ነው እንጂ! በመስከረም 2023 ግን ሌላውን ተጫዋች ሳንቾን ለምን እንዳስቀረው ሲጠየቅ፣ ልምምድ ላይ ያሳየው ብቃት ስላልበቃኝ ነው ብሎ በካሜራ ፊት ተናገረ። ልጁም በማኅበራዊ ሚዲያ መለሰለት። ከዚያ ከዋናው ቡድን ተለይቶ እስከ ጥር ቆየና በውሰት ዶርትሙንድ ሄደ። ዩናይትድ በዚያ ዓመት ኤፍኤ ካፑን ቢያነሳም በሊጉ ስምንተኛ ነበር። ሰውየው ያው ሰውየ ነው፣ ጥብቅነቱም ያው ነው። ለእኔ ልዩነቱ የቤቱ ጉዳይ ደጅ መውጣቱ ነው።

ከሽንፈት በኋላ የሚሰጠውን መግለጫ ደግሞ አትዝለሉ። ታክቲኩን ስለማብራራቱ አትጨነቁ፣ ጣቱ ወዴት እንደሚጠቁም እዩ። የቼልሲው ሞሪንሆ በታኅሣሥ 2015 በሌስተር ሲሸነፍ ሥራዬ እንደተከዳ ይሰማኛል አለ። የሊጉ ሻምፒዮን ቼልሲ ያኔ 16ኛ ደረጃ ላይ ነበር። ሦስት ቀን አልቆየም፣ ተሰናበተ። አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን «እነሱ» ማለት ከጀመረ ነገሩ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት የሊቨርፑሉ አሰልጣኝ ክሎፕ የተሳቀበትን ነገር ሠራ። ሊቨርፑል በሜዳው ከዌስት ብሮም ጋር 2 ለ 2 ወጣ፤ ኦሪጊ በጭማሪ ሰዓት አቻ አድርጎ። ክሎፕ ልጆቹን እጅ ለእጅ አያይዞ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ወደሚቀመጡበት ወደ ኮፕ ወስዶ ደጋፊውን አስመሰገነ። ለአቻ ውጤት እንዲህ ይጨፈራል ወይ ተባለ። ከአንድ ወር በፊት ግን በክሪስታል ፓላስ ሲሸነፉ ደጋፊው ጨዋታው ሳያልቅ እየወጣ ሲሄድ፣ ብቻዬን እንደቀረሁ ተሰማኝ ብሎ ነበር። እጅ ለእጅ አያይዞ የሚያክመው ያንን ብቸኝነት ነው። በ2019 ባርሴሎናን 4 ለ 0 በገለበጡ ጊዜ ማንም ቀድሞ አልወጣም።

ለስላሳውን አሰልጣኝ ደካማ ነው አትበሉት። መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሪያል ማድሪዱ አንቸሎቲ በ2022 ከማንቸስተር ሲቲ ጋር በነበረው የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ ማንን ልቀይር ብሎ ወንበር ላይ ካሉት ከክሩስና ከማርሴሎ ጋር ሲመክር ታይቷል። ማድሪድ ውስጥ ይሄ ይሠራል፣ ዋንጫውንም በሉ። ባየርን ላይ ግን በመስከረም 2017 በፒኤስጂ 3 ለ 0 ተሸንፎ በማግሥቱ ተባረረ። እኛ አገር ደግሞ በሁለት ሽንፈት አሰልጣኝ እየቀየርን ስለ ቡድን ባህል ማውራቱ ራሱ ይከብዳል።

መቼ ይፈረድ? የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰባት ጨዋታዎች አያታልሏችሁ፤ አዲስ አለቃ ሲመጣ ሁሉም ይሮጣል። ሦስት ተከታታይ ጨዋታ እስኪጥል ጠብቁ። ያኔ ተቀይሮ የሚወጣውን ትልቅ ተጫዋች ተከተሉት፤ አሰልጣኙን ጨብጦ ወንበር ላይ ይቀመጣል ወይስ በቀጥታ ወደ መልበሻ ክፍል ይገባል? ከገባ ደግሞ በቀጣዩ ጨዋታ አሰላለፍ ውስጥ ስሙን ፈልጉት።