አውቶማቲክ መኪና መሀል መንገድ ላይ ሲቆምባችሁ እባካችሁ ይሄን አታድርጉ

ባትሪው የሞተ አውቶማቲክ አስፋልት ላይ ሲቆም መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው «ግፉት!» ባይ ነው። ፒ (ፓርክ፣ የማቆሚያው ማርሽ) ላይ ያለ መኪና አይገፋም። ካምቢዮው ውስጥ ጥርስ ነክሶ የያዘው ብረት አለ፣ መጀመሪያ ወደ ኤን (ኒውትራል፣ ጎማው ነፃ የሚሆንበት) መውጣት አለበት።

ቀጥሎ ማርሹን በጉልበት መታገል ይመጣል። ባትሪ ካለ ቁልፉን እስከ ዳሽቦርዱ መብራት አዙራችሁ ፍሬን ስትረግጡ ይለቃል። ባትሪ ከሌለ ግን ፍሬን ብትረግጡም ዋጋ የለውም፣ መቆለፊያው በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ከማርሹ አጠገብ «ሺፍት ሎክ» የሚል ትንሽ በተን ወይም ክዳን አለ። ክዳን ከሆነ በካቻቪቴ ጫፍ አንሱት፣ ውስጡን ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ማርሹን ወደ ኤን ሳቡ። በቃ! ለዚህ ነው እንግዲህ ስንት ማርሽ የሚሰበረው።

አሁን አንጀቴን ወደሚያሳርረኝ ልምጣ። በተኗን ያገኘ ሰው ደስ ብሎት፣ ውጭ ቆሞ፣ በመስኮት እጁን አስገብቶ ይጫናታል። ሽሮ ሜዳ ቁልቁለቱ ላይ እንዲህ ያደረገ ልጅ አይቻለሁ፤ መኪናው መሄድ ሲጀምር በሩን ይዞ አብሮ ሮጠ፣ የአንዱ ግቢ አጥር ባያቆምለት ኖሮ ከታች ሰው ነበር። ወንድሜ፣ ፒን ስትፈታ መኪናውን የያዘውን ነገር ነው የፈታኸው! መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይሳብ። ጎማው ስር፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ደህና ድንጋይ ይግባ። ከዚያ አንድ ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ ፍሬን ይርገጥና ማርሹን ያውጣ። ድንጋዩ የሚነሳው እግሩ ፍሬን ላይ እንዳለ ነው። ቁልቁለቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት፣ ምልክት አስቀምጡና ጎታች ጥሩ።

ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አትምቱት፣ አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። መሪውም ይከብዳል። ቁልፉን ከነቀላችሁት ደግሞ መሪው ይቆለፋል።

ገፍቶ ማስነሳት? አውቶማቲክ ነው እኮ፣ በግፊት አይነሳም።

በገመድ እስከ ጋራዥ መጎተትም አይሆንም። የካምቢዮውን ዘይት የሚያዞረው ፓምፕ ሞተር ሲሠራ ነው የሚሠራው፣ ጎማው እየዞረ ሞተሩ ከጠፋ ካምቢዮው በደረቁ ይፈጫል። የፊት ጎማ የሚነዳው ከሆነ ፊቱ ይነሳ፣ ካልሆነ መኪናው ሙሉ በሙሉ ጎታች መኪና ላይ ይጫን። ኤን የምታደርጉት ከመሀል መንገድ ወደ ዳር ለማውጣት ብቻ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የቤንዚን መኪና ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ የበዙት ኤሌክትሪኮች ደግሞ ሌላ ጉድ ናቸው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ከሞተች አብዛኞቹ ከፒ አይወጡም፣ የሚጫን በተንም የላቸውም። መፍትሔው ለትንሿ ባትሪ ከሌላ መኪና ኃይል መስጠት ነው። የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እያሉ አትጎትቱ፣ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይጀምራል። መመሪያው በቻይንኛ ብቻ ከሆነ፣ ትንሿ ባትሪ የት እንዳለችና ኮፈኑ ያለ ኃይል እንዴት እንደሚከፈት መኪናውን ሳትረከቡ ሻጩን አስከፍታችሁ እዩ።